የሌላው ተራ

አንዱ ሲመታ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅበት ውጊያ፣ ውጊያ ሊባል ይችላል? ተራ በተራ በሚካሄዱ ቪዲዮ ጌሞች ላይ ደጋግሞ የሚነሳው ቅሬታ ይኸው ነው። ጠላት ፊት ለፊትህ ቆሞ እስክትወስን ይታገሥሃል፤ አንተም ዱላው እስኪያርፍብህ ትታገሠዋለህ። በገሃዱ ዓለም እንዲህ ያለ ጠብ የለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በገሃዱ ዓለም የሌለው ነገር ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ አንዳንዱ የጎደለንን ያሳየናል። ለዚህ ፔፐር ማሪዮ ከተባለው ጌም የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ኢንተሊጀንት ሲስተምስ የሠራው ይህ ጌም ለኒንቴንዶ 64 በጃፓን የወጣው በፈረንጆቹ 2000 ነው። አከፋፈቱ እንደ ተረት መጽሐፍ ነው፤ ተራኪው በሰማይ ስለሚኖሩ ሰባት የኮከብ መናፍስትና ምኞት ስለሚፈጽም በትር ያወጋል። ገጸ ባሕርያቱ ከወረቀት ተቆርጠው የወጡ ይመስል ጠፍጣፋ ናቸው፤ ጉዞው በምዕራፍ በምዕራፍ ተከፍሏል። ከዚያ የታሪኩ ክፉ ጠላት ቦውዘር ይመጣል። በትሩን ሰርቆ፣ መናፍስቱን አስሮ፣ የልዕልት ፒችን ቤተ መንግሥት ወደ ሰማይ ያነሳዋል። ጀግናው ማሪዮ ሊገጥመው ይቆማል፤ ቦውዘር ግን በትሩን ይጠቀምና የማይነካ ይሆናል። ማሪዮ ተሸንፎ ከሰማይ ይወድቃል።

የዚያ ሽንፈት ክብደት የሚገባው የጌሙን ስሌት ላስተዋለ ሰው ነው። ማሪዮ ሲጀምር ያለው የሕይወት ነጥብ 10 ብቻ ነው። ተራ ጠላት የሆነው ጉምባ 2 ነጥብ አለው፤ ሲመታህ የሚቀንስብህ 1 ነው። በሺህ የሚቆጠር ጉዳት ከሚያዘንቡት የዘውጉ ጌሞች ጋር ሲተያይ ይህ የልጆች ሒሳብ ይመስላል። ግን ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ ምንም የሚደበቅ ነገር የለም፤ የሠራኸው ሁሉ ወዲያው ይታያል፣ አንዲት ነጥብም ዋጋ አላት። መጠበቁም ሥራ ፈትነት አይደለም። የጠላት ምት ሊያርፍ ሲል በትክክለኛዋ ቅጽበት ቁልፉን ከተጫንክ ጉዳቱ በ1 ይቀንስልሃል። የሌላውን ተራ በትኩረት ካልተከታተልክ ግን ይህ አይሳካም።

ተራ ግን የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አርስቶትል በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ፣ በእኩዮች መካከል ፍትሕ የሚሆነው በተራ መግዛትና በተራ መገዛት ነው ይላል። እኩልነት ሁሉም ባንድ ጊዜ እኩል ማድረጋቸው ላይሆን ይችላል፤ የአንዱ ድርጊት ማለቂያ ካለውና ለሌላው ቦታ ከለቀቀ ይበቃል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ጠጠሩን እየዘራህ ረጅም ልትሄድ ትችላለህ፣ የመጨረሻዋ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ስታርፍ ግን ታቆማለህ። ማንም አልከለከለህም፤ ተራህ ያበቃበት ቦታ ነው።

እንግዲህ የቦውዘር በደል ምንድን ነው? ብርታቱ አይደለም፤ ብርቱ ጠላት በጌሙ ሞልቷል። ተራ መንጠቁም አይደለም፤ ማሪዮ ተራው ይደርሰዋል፣ መዝለልም ይችላል። የተወሰደበት ድርጊቱ የሚያመጣው ውጤት ነው። ከግፎች ሁሉ ይህ ይበልጥ የከፋ ይመስለኛል። እንዳይናገር የተከለከለ ሰው ቢያንስ መከልከሉን ያውቃል። ተናገር ተብሎ፣ መዝገብ ተከፍቶለት፣ ቃሉ ግን አስቀድሞ ከንቱ የተደረገበት ሰው በደሉን ለማስረዳት እንኳ ይቸግረዋል፤ «ተራህ ደርሶህ አልነበር?» ይባላላ።

እዚህ ላይ ልሸሸው የማልችል ተቃውሞ አለ። ያን የመጀመሪያ ሽንፈት የጻፈው ቦውዘር አይደለም፤ ደራሲው ነው። ተጫዋቹ ምንም ቢያደርግ ማሪዮ መውደቁ አይቀርም። ታዲያ ተረቱስ የእኔን ተራ ባዶ አላደረገውም? በከፊል አድርጎታል። ተረት ሲነገር ተራው ሁሉ የተራኪው ነው፣ አድማጭ ያዳምጣል። ልዩነቱ ያለው፣ ይህ ተራኪ የወሰደውን ተራ ተመልሼ የምቀበልበትን መንገድ የጌሙ ጉዞ በሙሉ ማድረጉ ላይ ነው። ሰባቱን መናፍስት አንድ በአንድ ማስፈታት ማለት ይኸው ነው። በየምዕራፉ መካከልም የታሰረችውን ፒችን እራሳችን እየመራን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በስውር እናዘዋውራታለን፤ ምርኮኛዋም የራሷ ተራ አላት ማለት ነው። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ይህ ክፍል ነው።

መናፍስቱ በመጨረሻ ለማሪዮ የሚሰጡት ኃይል ቦውዘርን የሚገድል አይደለም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበትሩን ከለላ ገፎ ቦውዘርን እንደገና የሚነካ ያደርገዋል። በመጨረሻው ግጥሚያ ያ ኃይል ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር፣ የፒች ምኞትና ትዊንክ የተባለው ትንሽ ኮከብ ተጨምረውበት ይጠነክራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቦውዘር 99 የሕይወት ነጥብ ይዞ ይመታል፣ ምትም ያርፍበታል። ኃይሉን ለመጠቀም ደግሞ ማሪዮ የራሱን ተራ መክፈል አለበት፤ በዚያ ዙር ማሪዮ ራሱ ምት አይሰነዝርም። ቦውዘር በትሩን መልሶ ሊያነሳ ይችላል። ካነሳም ማሪዮ ሌላ ተራ ይከፍላል።