እውነተኛው ብር በምን ይታወቃል?

እግዚአብሔር በሊቀ ነቢያት በሙሴ እጅ ለሕዝቡ ሕግን በሰጠ ጊዜ ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት ብቻ አላዘዘም፤ ነጋዴ በከረጢቱ ስለሚይዘው የሚዛን ድንጋይም አዝዟል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 እንደምናገኘው፣ አንዱ ለመግዣ ሌላው ለመሸጫ እንዲሆን ትልቅና ትንሽ ድንጋይ መያዝ በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ ነው። ከዚህም ሚዛን የገበያ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ጉዳይ መሆኑን እናስተውላለን። ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመናገር የምንወደው፣ አባቶቻችን ጠገራ ይሉት የነበረውን፣ በላዩ የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ የተቀረጸበትን ብር ምሳሌ አድርገን ነው።

ይህ ብር በአገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። መገበያያ ብቻም ሳይሆን የሚዛን ድንጋይ ነበረ፤ አንድ ወቄት ወርቅ የሚመዘነው በአንድ ብር ክብደት ነበርና። ስለዚህ ብሩ ሐሰተኛ የሆነ እንደ ሆነ በእርሱ የተመዘነው ወርቅ ሁሉ ልኩን ይስት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ ወዲህ መገበያያነቱ ቀስ በቀስ ቀርቶ፣ ከፊሉ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ፤ ከፊሉ በእናቶች አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ ቀረ፤ ከፊሉም ከአሮጌ ኒሻንና ሜዳይ ጋራ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለችው በሐይቅ ከተማ፣ የአባታችንን የኢየሱስ ሞአን ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለም፣ ወይም መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው በዓል ወደ አምባሰል ግሸን ማርያም ሊወጣ ለመጣ መንገደኛ፣ አንድ ሰው ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ ብር ያቀርብለታል። ሻጩ ችግረኛ ነው፤ ገዢውም የብሩን ጠባይ አያውቅም። ብሩ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሁለቱስ ሳይበዳደሉ እንዴት ይለያያሉ?

የብሩ ልክ የታወቀ ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ አንዱ እጅ መዳብ ነው፤ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አታላይ ሰው በመዳብ ሠርቶ ብር ቢቀባው፣ መልኩና ስፋቱ ቢመስልም ክብደቱ ከ25 ግራም በታች ይሆናል፤ መዳብ ከብር ይቀላልና። ክብደቱን ለመሙላት ቢያወፍረው ደግሞ ውፍረቱ ያጋልጠዋል። ከዚህ የበለጠ ለማወቅ የሚሻ ሰው ብሩን በክር አንጠልጥሎ በውኃ ውስጥ ይመዝነዋል። ሙሉ ክብደት ያለው እውነተኛ ብር በውኃ ውስጥ 2.75 ግራም ያህል ይጎድልበታል፤ ያንኑ ያህል የሚመዝን መዳብ ግን ከ3 ግራም በላይ ይጎድልበታል። ይህም ከጥንቱ ሊቅ ከአርኪሜዴስ የተገኘ ጥበብ ነው። አባቶቻችን ግን ይህ መሣሪያ ሳይኖራቸው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ የተቀረጹትን እንክብሎች እየቈጠሩ ይለዩት ነበር።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ የዋህ ምእመን፣ «የወንድምን ቃል ትቶ ሚዛን ማምጣት ወንድምን ሌባ ማለት አይደለምን?» ይለን ይሆናል። እኛ ግን አይደለም እንላለን። ሚዛን ስለ ነገሩ ይመሰክራል እንጂ ሻጩን አይከስም። ብሩ እውነተኛ ከሆነ ለሻጩ ጠበቃ ይሆንለታል፤ ሐሰተኛ ከሆነም፣ ምናልባት ሻጩ ራሱ ሳያውቅ ተታሎ ይሆናልና፣ ሌላውን ሰው ከመበደል ያድነዋል። መመዘን ኃጢአት የሚሆነው ገዢው ለድሀ አንድ ሚዛን ለባለጠጋ ሌላ ሚዛን ሲያወጣ፣ ወይም ብሩ እውነተኛ መሆኑን ዐውቆ ዋጋውን ለማርከስ ሲል የተጠራጠረ መስሎ ሲታይ ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም እንዲሁ ነው። የመስቀሉ፣ የጽናውና የጽዋው ክብደትና ልክ በመዝገብ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ያ መዝገብ የዕቃ ቤቱን ጠባቂ ከሐሜት የሚጠብቅ ጋሻ ነው እንጂ በእርሱ ላይ የተነሣ ጥርጣሬ አይደለም። አሮጌው መስቀል ወጥቶ አዲስ ቢተካበት፣ ያለ መዝገብ ማን ያውቃል?

ሆኖም ሚዛን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ለብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ብር እየተፋቀ ያልቃል፤ ለአንገት ጌጥ የተበሳውም ይጎድላል፤ ማንጠልጠያ የተበየደበት ደግሞ ይከብዳል። እንዲህ ያለውን ብር ሚዛኑ አልሞላም ብሎ ከሐሰተኛው ጋራ መጣል ግፍ ነው፤ ያጎደለው አገልግሎት ነው እንጂ ተንኰል አይደለምና። በማሕሌት ቆሞ ያረጀ አባት ድምፁ ቢደክም፣ ካህን አይደለም እንለዋለንን? በዚሁ ብር ጠርዝ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ቃል ተጽፏል፤ የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነበረ፤ ደግሞም ሌባ ዳሩን እየፋቀ እንዳይሰርቅ ጽሕፈቱ ይጠብቀዋል። ርኅራኄ የሌለው ፍትሕ ያረጀውን ከሐሰተኛው ጋራ ይጥላል፤ ፍትሕ የሌለው ርኅራኄም ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ጋራ ይቀበላል። ስለዚህ መዛኝ ሁለቱን ባንድነት ሊይዝ ይገባዋል።

በአንጻሩ ደግሞ ሚዛኑ ሙሉ ሆኖ ነገሩ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ንግሥቲቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. ከሞተች በኋላ፣ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲታተም ኖሯል። በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት አገራችንን ለመውረር በሚዘጋጅበት ወራት የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም አሳተመው፤ ከዚያም ወዲህ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በብራስልስና በቦምቤይ ታትሟል። የሁሉም የክብደት ሕግ አንድ ነው፤ የብሩ ጥራትና የተጻፈበት ዓመትም አንድ ነው። እንግዲህ በሮም የታተመውን «ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጣ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው፣ ሚዛኑ ባይዋሽም አንደበቱ ዋሽቷል። እውነቱን እያወቀ ገዢው እንዲሳሳት ዝም ብሎ የተወውም ከዚህ ኃጢአት አያመልጥም። ሜዳይም እንደዚሁ ነው። ለአርበኞች የተሰጠ ሜዳይ ክብደቱና ልኩ ሳይጎድል፣ በአምስቱ የመከራ ዓመታት ዱር ባልገባ ሰው ደረት ላይ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ፣ ብረቱ እውነት ሲናገር ደረቱ ይዋሻል።

እውነት በክብደትና በልክ ብቻ እንደማይፈጸም የአምባሰል ምእመናን ከግሸን ታሪክ ያውቁታል። ንግሥት እሌኒ በኢየሩሳሌም አስቈፍራ ሦስት መስቀሎች ባገኘች ጊዜ ሦስቱም እንጨት ነበሩ። የጌታችን መስቀል ተለይቶ የታወቀው ሙት በማስነሣቱና ድውይ በመፈወሱ ነው። የዚህ የቅዱስ መስቀል ግማድ በግሸን ደብረ ከርቤ ማረፉን አባቶቻችን ያስተምሩናል። እንግዲህ ሚዛን ነገሩ ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ፍሬው ግን የማን እንደ ሆነ ይመሰክራል።

እኛም የምንመዘንበት ቀን አለ። በትንቢተ ዳንኤል በምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው፣ ንጉሥ ብልጣሶር በማዕዱ ላይ የወርቅና የብር ዕቃ ሞልቶለት ሳለ እርሱ ራሱ በሚዛን ቀልሎ ተገኘ። በተአምረ ማርያም ደግሞ በላዔ ሰብእ የበላቸው 78 ነፍሳት በአንድ ወገን ሲመዘኑበት፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማው ሰው የሰጠው ጥርኝ ውኃ በአማላጅነቷ ሚዛን ደፍቶለታል። ነገ ጥርኝ ውኃ እንዲመዘንለት የሚለምን ሰው፣ ዛሬ የድሀውን ብር ማጉደል እንዴት ይገባዋል?

ስለዚህ ሻጭ ስለ ብሩ የሚያውቀውን ሁሉ ይናገር፤ ገዢም ለሰው ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዝን፤ በአገልግሎት ያለቀውንም አይናቅ። ሐሰተኛ ብር በእጁ የተገኘበት ሰው ደግሞ፣ «እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት» ብሎ ወደ ሌላው አያሳልፈው፤ ጉዳቱ በእርሱ ይቁም። ይህ ከሁሉ ይልቅ እንደሚከብድ፣ ይልቁንም ለችግረኛ ሰው፣ እናውቃለን። ነገር ግን ሐሰት ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን የሚያቆመው አንድ ሰው ኪሳራውን ሲቀበል ብቻ ነው፤ ያም ኪሳራ በሰማይ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ አይቀልም።

እግዚአብሔር አምላካችን ፍትሕንና ርኅራኄን በልባችን ያሳድርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።