ላልተወለደ ሰው የሚፈስስ እንባ

ያልተወለደ ሰው ሞተ ብሎ ማልቀስ ከፍጥረት ሁሉ ለሰው ብቻ የተሰጠ ነገር ነው። በሬ የወገኑ ደም የፈሰሰበትን መሬት ሲያሸት ያገሣል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ በሬ ቢታረድ ግን አይገደውም። ሰው ግን ጸሐፊ በልቡ የወለዳት፣ እናትና አባት የሌላት፣ መቃብርዋም በየትኛውም ደብር የማይገኝ ሴት ልጅ ስትሞት መብራቱን አጠገቡ አድርጎ ያለቅሳል። ሲነጋ ባለቤቱ ዓይኑን አይታ «ምን ሆነው አደሩ?» ብትለው መልስ ያጣል፤ ያፍራልም። መልካም ሥራ የሠራ ሰው በሥራው አያፍርም። ክፉ የሠራም ቢሆን እንዲህ ፈገግ እያለ አያፍርም። እንግዲህ የፍቅር ልብ ወለድ አንብቦ ያለቀሰ ሰው እንባው ከምን ይቈጠርለታል? ከርኅራኄ ነውን? ወይስ ከከንቱ ነገር?

ይህን ጥያቄ አስቀድመው ካነሡት ሰዎች አንዱ የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ነው። በ354 ዓመት የተወለደው (የውጭ አገር ዘመን ሁሉ እዚህ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ይህ ሊቅ፣ ኑዛዜውን በጻፈበት መጽሐፍ፣ በትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ለካርታጎ ንግሥት ለዲዶ ያለቅስ እንደ ነበረ ይናገራል። ዲዶ የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል የጻፈላት፣ የወደደችው ሰው ትቷት በመርከብ ስለ ሄደ ራስዋን የገደለች ንግሥት ናት። አውግስጢኖስን ያስቈጨው ማልቀሱ ብቻ አልነበረም። በፍቅር ለሞተችው ለዲዶ እያለቀሰ ከእግዚአብሔር ርቃ ለምትሞተው ለራሱ ነፍስ አንዲት እንባ አለማፍሰሱ ነው። ኋላም በካርታጎ ቲያትር ቤት ያየውን ሲያስብ፣ ሰው በራሱ ላይ ሊደርስ የማይወደውን መከራ በሌላው ላይ ሲደርስ አይቶ ለማዘን ስለ ምን ይወድዳል? ብሎ ይደነቃል። ነቀፋው ብርቱ ነው። ነገር ግን በጥሞና ለመረመረው ሰው፣ የነቀፋው ሥር ዓይን ማልቀሱ ሳይሆን ለቅርቡ ደርቆ ለሩቁ ማልቀሱ ነው።

በኢትዮጵያ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አውግስጢኖስ ያልጻፈውን ነገር ያውቃል። አልቃሽ ሙሾዋን ስታወጣ ሁልጊዜ አስቀድማ የምትነካው የሟቹን ቤተ ሰብ አይደለም። በጥግ ተቀምጣ የነበረች፣ ሟቹን በመልክ እንኳ በደንብ የማታውቅ፣ ለጎረቤት ወግ ብላ የመጣች ሴት በድንገት ደረትዋን ትመታለች። የሞተባት ልጅ ትዝ ብሏት ነው፤ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ዓመታት አልፈው፣ ሰው ሁሉ «ይብቃሽ» ያላት ልጅ። በሌላው ሬሳ ላይ የራስዋን ሬሳ ታለቅሳለች። ማንም አይነቅፋትም፤ እንዲያውም አጠገብዋ ያለችው ሴት እጅዋን ትይዝላታለች። የልብ ወለድ አንባቢም ብዙ ጊዜ እንደዚህች ሴት ነው። በጐልማሳነቱ የወደዳትን ልጅ አባቱ ስላልፈቀደ ትቶ ሌላ ያገባ ሰው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁለት ወጣቶች ሲለያዩ በመጽሐፍ ቢያነብብና ጉሮሮው ቢዘጋ፣ እንባው ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። የሐዘኑ ባለቤት እውነተኛ ነው፤ የሟቹ ስም ብቻ ተለውጧል።

አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተመውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ መሰየሙ ስለዚህ የተገባ ይመስላል። ከልብ የተወለደ ከሆነ የሚያለቅስለትም የልብ ዘመድ ነው።

ከአማርኛ መጻሕፍት ብዙ እንባ ያስፈሰሰ ግን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ሁሉ ሰማው፤ በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ሬዲዮ ከብበው ሰዎች ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል እንደ ሥጋ ዘመዳቸው አዘኑ። በዛብህ የገበሬ ልጅ፣ እናትና አባቱ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት፣ የቅኔ ሊቅ የሆነ ወጣት ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባትዋ በዘሩ እጅግ የሚመካ ስለ ሆነ የሚጠይቁዋትን ሁሉ «አይመጥነንም» እያለ ሲመልስ ዕድሜዋ ይገፋል። በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይዋደዳሉ። የሚሆነውን ሁሉ አንባቢ ያውቃል፤ በዛብህ ይሸሻል፣ ሰብለም በመነኵሴ ልብስ ተሰውራ ፍለጋውን ተከትላ ስትደርስ በሞት አፋፍ ላይ ታገኘዋለች። በዚያ ገጽ ላይ ዓይኑ ደርቆ የቀረ አንባቢ ጥቂት ነው።

ስለ ስለቱ ጉዳይ ግን ካህናት ዝም ሊሉ አይገባቸውም፤ ብዙ አንባቢ ዘልሎት ያልፋልና። በዛብህ የእግዚአብሔር ገንዘብ ነበረ። ስለት የሰው ጨዋታ እንዳልሆነ ይህ ሕዝብ ያውቃል፤ የተሳለውን ስለት ያላገባ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ሆኖም አንባቢው የበዛብህን ጭንቀት ሲያነብብ ልቡ ሳይጠይቀው ወደ ሁለቱ ወጣቶች ያደላል፤ ስለቱ ቢፈርስ ይወድዳል፤ ሲፈርስም ደስ ይለዋል። ይህ ስሜት ሕግን የሚያስረሳ አይደለምን? ብሎ የሚፈራ ሰው አለ፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ራሱ በጎጃም ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ነውና የስለቱን ክብደት አላቃለለም። በዛብህን በደስታ አልፈታውም፤ ፍርሃቱን፣ ሕልሙን፣ የሕሊናውን ክርክር ሁሉ ጽፎለታል። ያለፈቃዱ፣ ሳይናገር በወላጆቹ አፍ የተሰጠ ሰው ስለቱን የሚከፍለው ማን ነው? የሚለውን ጥያቄ ለአንባቢ ትቶለታል። ለበዛብህ የሚያለቅስ ሁሉ ይህን ጥያቄ አብሮ መሸከም አለበት። ግማሹን ብቻ ተሸክሞ «ፍቅር ሁሉን ያሸንፋል» ብሎ የሚነሣ አንባቢ መጽሐፉን አላነበበም፤ ጽሑፉን አየ እንጂ።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የሚባለውን ሕግ የማያውቅ የለም። ተማሪ የሰሙ ጣዕም ልቡን ሰርቆት ወርቁን ሳያወጣ ቢቀመጥ መምህሩ «ወርቁስ?» ይለዋል። በዚህ መጽሐፍ ሰሙ የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ነው። ወርቁ ግን ዘር ቈጠራው፣ ገበሬውን እንደ ከብት ማየቱ፣ እውነቱን የተናገረውን ካሣ ዳምጤን «ጉዱ» ብሎ ከእብድ መቍጠሩ ነው። ብዙ አንባቢ በሰሙ ያለቅስና ወርቁን በገጹ ውስጥ ትቶት ይተኛል።

ስለዚህ አንድ የከተማ ሰው እንዲህ ቢደረግ ይታሰብ። መጽሐፉን በሌሊት ጨርሶ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ጥርሱን አፋጭቷል፤ «ምን ዓይነት ጨካኝ አባት ነው!» ብሏል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ደጁን ያንኳኳሉ፤ ተነሥተው ቆመው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ድረስ አልቀመጥ ብለው፣ ሴት ልጁን ለአንድ ወጣት ይጠይቃሉ። ወጣቱ የተማረ ነው፤ ጠባዩ የተመሰገነ ነው፤ ልጅቱም ትወደዋለች። አባቱ ግን ቀጥቃጭ ነበረ። የቤቱ ጌታ ጥቂት ዝም ብሎ «አጥንቱ ከማን ነው?» ይላል፤ ሲነግሩትም «እንመካከርበታለን» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ የዚህንም ቃል ትርጓሜ ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። ይህ ሰው ግብዝ አይደለም። ለሰብለ ያለቀሰው ከልቡ ነው፤ ሽማግሌዎቹንም የመለሰው ከልቡ ነው። ሁለቱ ልቦች በአንድ ደረት ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ነቢዩ ናታን ይህን የሰው ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንንም ባስገደለ ጊዜ ናታን በግልጥ አልገሠጸውም። ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት ጠቦት ታሪክ ፈጥሮ ነገረው። በዓለም ያልነበረ ድኻ፣ ያልተወለደች ጠቦት ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ተቈጣ፣ በባለጠጋውም ላይ ሞት ፈረደ። የናታን ጥበብ ንጉሡን ማስቈጣቱ ብቻ አይደለም፤ ቍጣው ሳይበርድ ያ ባለጠጋ ራሱ ዳዊት እንደ ሆነ መንገሩ ነው። ለልብ ወለድ አንባቢ ግን ከገጹ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ እንዲህ የሚለው ናታን የለውም። መጽሐፉ ይዘጋል፤ ፍርዱም በሌላ ሰው ላይ እንደ ተፈረደ ይቀራል።

ጥንታዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ አንድ ጨካኝ ገዢ የጻፈው ነገር እዚህ ላይ ቢነሣ ይገባል። በቴሳልያ የፌራይ ገዢ የነበረው እስክንድር (ታላቁ እስክንድር አይደለም) የኤውሪጲደስን «የትሮያ ሴቶች» ተውኔት እያየ ሳለ በድንገት ተነሥቶ ወጣ። ወደ ተዋናዩም መልእክት ላከበት፤ የወጣው ተውኔቱን ንቆ እንዳይደለ፣ ከገደላቸው ሰዎች ለአንዱ እንኳ ሳያዝን ለሄካባና ለአንድሮማካ ሲያለቅስ ሕዝቡ ቢያየው ስለሚያፍር እንደ ሆነ ነገረው። ሰው ሁሉ በዚህ ሰው ይስቃል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ከብዙ አልቃሾች ይልቅ ነገሩን የተረዳው እርሱ ነው። እንባው ከእርሱ ምን እንደሚጠይቅ ስላወቀ ሸሸ። ያ የከተማ ሰው እንባው የሚጠይቀው ነገር እንዳለ አላወቀምና እስከ መጨረሻው ተቀምጦ በደስታ አለቀሰ።

የፈረንሳይ ቋንቋ ጸሐፊ ዣን ዣክ ሩሶ ይህን የእስክንድርን ታሪክ ጠቅሶ በ1758 ቲያትርን ነቀፈ፤ ለተፈጠረ መከራ ያለቀሰ ሰው ምንም ሳይከፍል የሰውነትን ግዴታ የፈጸመ ይመስለዋል ሲል ተከራከረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እርሱ ራሱ «ዡሊ» የሚባለውን የፍቅር ልብ ወለድ አሳተመ፤ አውሮፓም በእንባ ታጠበች። ይኸው ሩሶ አምስት ልጆቹን ከእናታቸው እቅፍ ወስዶ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ እንደ ሰጠ በራሱ ኑዛዜ ጽፏል። ሌሎችን በማስለቀስ የተካነ ሰው ለራሱ ልጆች ያደረገው ይህ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ጄምስ ደግሞ በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ፣ ቲያትር ቤት ገብታ ስለምታለቅስ ሩሲያዊት እመቤት ያነሣል፤ እርስዋ በውስጥ ስታለቅስ ሠረገላ ነጂዋ በውጭ በብርድ ደርቆ ይሞታል። ጄምስ ያመጣው መድኃኒት ታናሽ ነው፤ ሰው ልቡ በተነካ ቍጥር አንዳች ሥራ ሳይሠራ እንዳያድር፣ ሌላ ቢያጣ እንኳ ለአንዲት ዘመዱ ደግ ቃል እንዲናገር ይመክራል። ታናሽ መሆኑ አያስነቅፈውም፤ ለዘመድ ደግ ቃል መናገር ለብዙ ሰው ከማልቀስ ይከብዳልና።

መጽሐፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ክፉው ሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሆነበት፣ አንባቢው ራሱን ከወዳጆቹ በቀር ከማንም ጋር የማያገኝበት የፍቅር ልብ ወለድ አለ፤ እርሱ ጣፋጭ ጠጅ ነው፣ ራስ ምታቱም ዘግይቶ ይመጣል። ይኸውም በተለይ በትዳር ላይ ይታያል። ሃያ ዓመት አብራው የኖረች፣ ሌሊት የምትስል፣ የቤት ወጪ የምታሰላ ሚስት እንደ ልብ ወለድ ሴት አትናገርም። ፍቅርዋም በንግግር አይደለም፤ ማለዳ ተነሥታ ባፈላችው ቡና ነው። በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልብ ግን ይህን ከፍቅር አይቈጥረውም። ወንዱም ለሚስቱ እንደዚሁ ነው፤ ምናልባትም ከዚህ ይብሳል።

እንዲህም ቢሆን መጻሕፍትን መከልከል ወይም እንባን መንቀፍ መፍትሔ አይሆንም። ጌታ ራሱ በምሳሌ አስተማረ፤ ስለ ጠፍቶ ስለ ተገኘው ልጅ ሲናገር ስሙን የማያውቁትን አባት ሲሮጥ፣ የማያውቁትን ልጅ ሲያቅፍ አሳያቸው። ይህ ወንጌል በተነበበ ጊዜ ምእመናን በታናሹ ልጅ ያለቅሳሉ፤ ራሳቸውንም በእርሱ ቦታ ያደርጋሉ። ሆኖም ቤቱን ሳይለቅ የኖረው፣ ሕጉን የጠበቀው፣ ሥራውን ያላስታጐለው፣ የወንድሙንም መመለስ ሰምቶ ተቈጥቶ በደጅ የቆመው ታላቁ ልጅ አለ። ከቤተ ክርስቲያን ያልራቁ፣ በከተማው የተከበሩ አንባቢዎች ከሁለቱ ልጆች ለማን እንደሚቀርቡ ራሳቸው ያውቃሉ። አባቱ ወደ እርሱም ወጥቶ ለመነው። ወንጌላዊው ታላቁ ልጅ ገባ ወይም አልገባም ብሎ አልጻፈም።