«ሲስተም የለም» ከአማና ነፃ ያደርጋልን?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቃቸው ሰዎች ሲሰፈርላቸው ሙሉ አድርገው የሚቀበሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉ ናቸው። ይህን ሱራ ስንሰማ አብዛኞቻችን የምናስበው የእህል ነጋዴውን ቁና እና የሥጋ ቤቱን ሚዛን ነው። ዛሬ ግን ቁናው በአመዛኙ በእጃችን በያዝነው ሞባይልና ከባንክ መስኮት ጀርባ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ገንዘብ ከሒሳባችን የሚቆረጠው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። በስህተት የተቆረጠው ይመለስልን ስንል ግን ማመልከቻ ጻፉ፣ ነገ ተመለሱ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ እስኪመጣ ጠብቁ እንባላለን። ሲወሰድ በሰከንድ፣ ሲመለስ በሳምንታት! ይህ ማጉደል ካልተባለ ምን ይባላል?

ውድ አንባቢያን፣ ብዕር ያነሳነው ቴክኖሎጂን ለመኮነን አይደለም። ጂዳ ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ድሮ ወሬዋ የሚደርሰን ሰው ሲመጣ በምትልከው ደብዳቤ ነበር፤ ዛሬ በኢሞ የእናቷን ፊት እያየች ታወራለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ *127# ብሎ በተራ ሞባይል እንኳ ገንዘብ መላክ ተችሏል። ይህ የአላህ ኒዕማ ነው፤ የሚክደው ቢኖር ወረፋ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው።

ነገር ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ አዲስ ንግግር አብሮ ገባ፦ «ሲስተም የለም»። በባንክ፣ በቀበሌ፣ በመብራትና በውሃ ክፍያ መስኮት ይህን ያልሰማ የከተማ ነዋሪ የለም። ሠራተኛው ሰላምታችንን በቅጡ ሳይመልስ፣ አንገቱንም ቀና ሳያደርግ ይህችን ሁለት ቃል ይወረውራል። መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ሌላ ቅርንጫፍ ይሠራ ይሆን? አይታወቅም። ከሩቅ ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡት አዛውንት የት ይሂዱ? እሱም አይታወቅም። መስመር ሊቋረጥ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ለዚህ ማንንም አንወቅስም። የምንወቅሰው «ሲስተም» የሚባለው ነገር የሰው መሸሸጊያ ሲሆን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን ጠባቂ መሆናችንንና ስለምንጠብቀው ነገር እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። የቂያማ ዕለት ኮምፒዩተር ለሒሳብ አይቀርብም። «ይቅርታ አባቴ፣ ስልክዎን ይስጡኝና ሲመጣ እደውልልዎታለሁ» ለማለት ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ስንደውልም እንዲሁ ነው። 1ን ይጫኑ፣ 2ን ይጫኑ፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከሙዚቃው በኋላ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያው በኋላ መስመሩ ይቋረጣል። (ሙዚቃውን የማይፈልግ ደንበኛ ሊኖር እንደሚችል ማን አሰበ? ይህን እንለፈው።)

ሱረቱ ዐበሰ ለምን እንደወረደች እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ እስልምና ሲጣሩ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊማር ፈልጎ መጣ። ነቢዩ ፊታቸውን ከእርሱ መለሱ። ምክንያታቸው ትልቅ ነበር፤ እርሱም የተቋጠረውን ፊት አያይም። ቢሆንም አላህ (ሱ.ወ.) ጉዳዩን እስከ ቂያማ የሚነበብ ቁርኣን አደረገው። ከዚያ ወዲህ ረሱል ያከብሩት ነበር፤ ከቢላል ጋር ሙአዚን ሆነ፣ ከመዲና ሲወጡም በቦታቸው ይተኩት ነበር። እንግዲህ ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ ይሁን ሲባል ኢብን ኡሙ መክቱምን የሚያስብ ማን ነው? በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ተደረገ፤ ሌላውም አገልግሎት በዚያው መንገድ እየሄደ ነው። ማየት የተሳነው ወንድማችን ለስላሳው መስታወት ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ ምን ይዳስሳል?

ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችንስ? ልጃቸው ከዱባይ የላከችውን ብር ለማውጣት ስልካቸውን ለሱቁ ልጅ ይሰጡና የሚስጥር ቁጥራቸውን ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለው ይነግሩታል። ባንኮች «ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» ይላሉ። ትክክለኛ ምክር ነው፤ የተመከረው ግን ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። እኚህ እናት ምን ምርጫ አላቸው? ስለዚህ ያ የሱቅ ልጅ ማንም ሳይቀጥረው፣ ደመወዝም ሳይቆረጥለት፣ የባንክ ሠራተኛ ሆኗል። ሳንቲም አለመንካቱ ብቻ አይበቃም። ቀሪ ሒሳባቸውን አይቶ ለጎረቤት ማውራትም ኺያና ነው። በየመስጂዱ ያሉ ወጣቶቻችን ከጁሙዓ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ለእነዚህ እናትና አባቶች የስልክ አጠቃቀም ቢያስተምሩ ምን ይከብዳቸዋል? ልጆች በሚቀሩበት ክፍል ውስጥ ቦታ አይጠፋም።

ሐቁ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ወሩ ረመዷን ነበር። ባንኩ እንዲመለስለት ጠይቆ አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። ያልመለሰ ሰው ካለና «ስህተቱ የባንኩ ነው፤ እኔ አልሰረቅሁም፣ ሲስተሙ ሰጠኝ» የሚል ከሆነ ግን ንግግሩ የዚያው የመስኮቱ ሠራተኛ ንግግር ወንድም ነው። አንዱ ማሽኑ ከለከለ ይላል፣ ሌላው ማሽኑ ፈቀደ ይላል።

የሰው ገንዘብ በእጁ የቀረ ሁሉ፣ ተማሪም ይሁን በስህተት የቆረጠውን ለደንበኛው ሳይመልስ የሚያጉላላ ኃላፊ፣ ባለዕዳ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ እስኪል ድረስ አልሰገዱበትም። በጃቢር (ረ.ዐ.) ዘገባ ዕዳው ሁለት ዲናር ነበር።