ጣትና ጆሮ

የወንድሜ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ፣ አፕል በ2005 እ.ኤ.አ. ከአይማክ ጋር ያወጣትን ነጭ፣ ባለ ስድስት ቁልፍ ሪሞት ይዞልኝ መጣ። በኢንፍራሬድ ስለምትሠራ ፊት ለፊት ካልተነጣጠረች አትታዘዝም እንጂ፣ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ዘፈን ሁሉ አዛለሁ።

ድሮ የማንወደውን ዘፈን ለመዝለል ካሴቱን ማጠንጠን ነበረብን (በእስክሪብቶ ያጠነጠንን እናውቀዋለን!)። ስለሚያታክት ዝም ብለን እንሰማዋለን፤ ውሎ አድሮ እሱኑ እንወደዋለን። ዛሬ ግን መግቢያው ሳያልቅ አልፈዋለሁ። ለመሆኑ ያላስጨረስኩትን ዘፈን «አልወደውም» የማለት መብት አለኝ?

ይሄን ሳሰላስል ባለቤቴ ስለ እህቷ ሕመም ልትነግረኝ ጀመረች።

«እሺ፣ እሺ፣ ከዚያስ?» አልኳት።

ዝም አለች። ሪሞቷን አስቀምጬ «ቀጥይ እንጂ» ብላት፣ «ይቅር፣ ሙዚቃህን ስማ» አለችኝ።