መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?

በብቸና ወይም በሞጣ ገበያ ውላ የምትመለስ አንዲት እናት ለሚያስለው ልጇ ከመድኃኒት መደብር ጥቂት ፍሬ አሞክሲሊን ገዝታ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? የአገራችን ደንብ እንዲህ ያለው መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ያዛል፤ ልማዱ ግን ከደንቡ በርትቶ ይታያል። የልጁ ሕመም ጉንፋን ከሆነ ደግሞ፣ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነውና፣ መድኃኒቱ አንዳች አይጠቅመውም።

ሕመም ሲመላለስ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱም የሥነ ምግባሩን ጥያቄ ሰውሮብናል። መድኃኒቱን የሚለምደው ባክቴሪያው እንጂ የሰው ሰውነት አይደለም። በሰውነታችን ከሚኖሩት ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት ባሕርይ ይዘው ይገኛሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ለእነዚህ ሰፊ ቦታ ይለቅላቸዋል፤ ይራባሉ፤ ባሕርያቸውንም ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሳይቀር ያስተላልፋሉ። የለመደው ሰውነቴ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከእኔ ጋር በቀረ ነበር። የለመደው ባክቴሪያው ስለሆነ ግን ወደ ሌላው ሰው ይሻገራል።

መሻገሩ እጅግ የሚከፋው በሆስፒታል ነው። በዚያ ደካሞች ተቀራርበው ይተኛሉ፤ ብርቱ መድኃኒት ሌሊትና ቀን ይሰጣል፤ የአንዱን ፋሻ የፈታ እጅ የሌላውን ቁስል ይነካል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከመቶ 11 ያህሉ እዚያው ሳሉ በባክቴሪያ እንደተያዙ፣ ከተገኙትም ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከአንድ በላይ ለሆኑ መድኃኒቶች የማይበገሩ እንደነበሩ አመልክቷል። ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞተዋል።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት ባሰማው ንግግር አንድ ምሳሌ አቅርቦ ነበር። ጉሮሮውን የታመመ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ከመጠን በታች ይወስዳል፤ መድኃኒቱን የለመደውን ባክቴሪያ ለሚስቱ ያስተላልፋል፤ እርስዋም የሳንባ ምች ይዟት ፔኒሲሊን ሳያድናት ትሞታለች። ለሞቷ ተጠያቂው ማን ነው? በፍሌሚንግ ፍርድ በቅድሚያ ባልየው ነው።

ይህን ፍርድ ወደ ገበያዋ እናት ለማዛወር እቸገራለሁ። ባልየው የጎዳት ሚስቱን ነው፤ የእርስዋ መድኃኒት ያለመደው ባክቴሪያ ግን በየትኛው አልጋ የተኛውን ሰው እንደሚያገኝ ማንም ተከታትሎ ሊያሳይ አይችልም። አላወቀችም፤ የሚነግራትም አላገኘች ይሆናል። ገንዘቧም ለሐኪምና ለምርመራ አይበቃ ይሆናል። እያወቀ የሸጠላት ሰው ዕዳው ከእርስዋ ይከብዳል። ሕመሙ መድኃኒቱን እንደማይሻ እያወቀ «ለማንኛውም» ብሎ የሚያዝዝ ሐኪምም ከዚህ አያመልጥም። (ምርመራው ባክቴሪያውን አብቅሎ እስኪለየው ሁለትና ሦስት ቀን ይወስዳልና፣ በሞት አፋፍ ላለ በሽተኛ ውጤት ሳይጠብቅ የሚያዝዘውን ግን አልወቅስም።) በየአገሩ የሕሙማን ክፍል ያለ ውኃ እንዲቀር ያደረገ በጀት አውጪስ? እጅህን ታጠብ ማለት የሚቻለው ውኃ ሲኖር ነው።

ይሁንና ዕዳው ለብዙዎች ስለተከፋፈለ አልጠፋም። ሳያውቅ ያደረገ ሰው ወቀሳው ይቀልለታል፤ ይህን ገጽ ያነበብን እኛ ግን ከእንግዲህ አላወቅንም ለማለት አንችልም። ፍሌሚንግ የተናገረው በተለይ ከመጠን በታች ስለመውሰድ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ያለ አስፈላጊነት የሚወሰደውም፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ ባክቴሪያውን ያለማምዳል። ስለዚህ ከባለፈው ሕመም የተረፈውን ፍሬ ለጎረቤት ማካፈል ደግነት መስሎ ቢታይም ጉዳት አለው።

ስለ ደግነት ካነሣን፣ ሕሙማንን መጠየቅ በየቁምስናው የምንተጋበት ሥራ ነው። እንደ ወጋችን ከአልጋ አልጋ እየተዘዋወርን የማናውቀውን በሽተኛ ጭምር እጁን ይዘን «እግዚአብሔር ይማርዎ» እንላለን። በዚያች ሰዓት የእኛ እጅ ከነርሷ እጅ አይለይም። ሕሙማንን ለመጠየቅ ቡድን ይዛችሁ የምትሄዱ ካቴኪስቶች ገና ከበሩ መታጠቢያው የት እንደሆነ ጠይቁ። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሻገሩም መልሳችሁ ታጠቡ፤ ፋሻ አትንኩ፤ ከበሽተኛው አልጋ ላይ አትቀመጡ። ውኃው የተቋረጠበት ቀን ከሆነ ከአልጋው ራቅ ብሎ ቆሞ መሰናበትም መጠየቅ ነው፤ በሽተኛው ቅር እንዳይለው ምክንያቱን ንገሩት።