ፊልሙ የማን ነው?

አንድ ፊልም የማን ሀብት ነው? የአዘጋጁ? ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴ? ወይስ ኑሮውንና ገመናውን አውጥቶ ለፊልሙ የሰጠው ሕዝብ? ከአገራችን የፊልም ሰዎች መካከል የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ያህል ከዚህ ጥያቄ ጋር ዕድሜ ልኩን የታገለ ማግኘት ያዳግታል።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የቴአትርና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ልጅየው እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ተሻግረው ቺካጎ ውስጥ ቴአትር ተማሩ፤ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ ወደ ፊልም ጥናት ዞሩ። ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል።

‹‹ሳንኮፋ›› የተሰኘውን የባርነት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩባቸው። እሳቸው ግን ፊልሙን ለገበያ እንዲስማማ አላለዘቡትም። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ጥቁር አሜሪካውያንም የአያቶቻቸውን ታሪክ ለማየት ተሰለፉ።

እርግጥ ነው፣ ይህ እምቢታ ዋጋ አለው። ‹‹ጤዛ››ን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ቢያገኝም፣ ተቺው እንዲህ ሊል ይችላል፦ ‹‹ጥቂት ቢለሳለሱ ኖሮ በዚያ ጊዜ አምስት ፊልም በሠሩ፤ ብዙ ሰውም ባያቸው ነበር። ማንም ያላየው እውነት ለማን ይጠቅማል?›› ሙግቱ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ክብደቱ የሚሰማን ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት››ን ስናስብ ነው። ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም በአብዮቱ ወቅት የተቀረጸ ነው። አንድ የጢሰኛ ቤተሰብ ለባለመሬቱ ሲለፋ፣ ልጅቷ የጌታዋን ላም ለማዳን ስትል ጎርፍ ሲወስዳት፣ መሬቱን የተቀማው ከበበም ‹‹እብድ›› እየተባለ እውነቱን ሲናገር ያሳያል። ከተቀረጸ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ያንን ሥርዓት ሻረው።

ይህ ታሪክ የሰሜኑ ገበሬ ብቻ አይደለም። በኢሉባቦር፣ ከጎሬ እስከ መቱና በደሌ፣ ገባርነትንና ጢሰኝነትን የቀመሰ አገር ነው። ከምርቱ ለባለመሬቱ እየከፈለ የኖረው ሰው ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም ቡና ይለቅማሉ። ታዲያ አያታቸው እንዴት እንደኖረ የሚያሳየው ፊልም በውጭ አገር ተመልካች ሲደነቅ፣ እነሱ ዘንድ በምን መንገድ ይደርሳል? ቢደርስስ የፊልሙ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ለኦሮምኛ ተናጋሪው ሽማግሌ ማን ይተረጉምለታል?

እኔ መልሱን ‹‹አደራ›› በሚለው አሮጌ ቃላችን ውስጥ አገኘዋለሁ። አዘጋጁ የሰው ኑሮ በአደራ የተሰጠው ሰው ነው። አደራ አይሸጥም፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው መከራ ለአከፋፋይ ጣዕም ቆርጦ ለመስጠት ሥልጣን የለውም። የኃይሌ እምቢታ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ዳሩ ግን አደራ በላ የሚባለው የሸጠው ብቻ አይደለም፤ ለባለቤቱ ያልመለሰውም ጭምር ነው። ‹‹ሳንኮፋ›› በኪራይ አዳራሽ ለባለቤቶቹ ተመልሷል። የጢሰኛው ግን ገና ዕዳ አለበት።

ይህን ዕዳ በአንድ አዛውንት አዘጋጅ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። እሳቸው ድርሻቸውን፣ ማለትም ሳይሸጡ መጠበቁን፣ ተወጥተዋል። የቀረው የእኛ ነው። መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ባለመብቶቹን ፈቃድ መጠየቅ፣ ንግግሩን ወደ ኦሮምኛ መመለስ፣ ከቡና ለቀማ በኋላ ባለው ጊዜ አንድ ምሽት ለገበሬው በነጻ ማሳየት ከባድ ሥራ አይመስለኝም። ያን ምሽት ሽማግሌዎቹ ‹‹የለም፣ እኛ ዘንድ እንዲህ አልነበረም›› ብለው ፊልሙን ቢሞግቱት ደግሞ እሰየው። ገንዘቡን ቆጥሮ የሚረከብ ባለቤቱ ነውና።