የሸሸጉት ወለምታ

በላሊበላ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ያሳደጓቸው አያታቸው የታወቁ ወጌሻ ናቸው፤ አለት ላይ ያዳለጠው ተሳላሚም ሆነ ከበቅሎ የወደቀ ባላገር መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ እሳቸው ደጅ ነው። የልጆቹ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ሁለቱም አስጎብኚ መሆን ይፈልጋሉ። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገዛ ቤታቸው ያውቋቸዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ መታነጹን፣ ዩኔስኮ ሁሉንም በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝገብ ማስፈሩን፣ የትኛው መተላለፊያ ወደ የትኛው እንደሚያወጣ አንዱንም አይስቱም።

የቸገራቸው እንግሊዝኛው ነው። ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ተምረውታል፤ ከ9ኛ ክፍል ወዲህማ ሒሳቡንም ታሪኩንም የተማሩት በእሱ ነው። ነገር ግን 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቢከፋፈል ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ፈተናውን አለፉ፤ እንግዳ ፊት ሲቆሙ ግን አንደበታቸው ይታሰራል።

ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህታቸው ይህን ስትሰማ ገንዘብ ላከችላቸው። ከአንዲት መምህርት ጋር በኢንተርኔት፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ እኩል ሰዓት እንዲማሩበት ነው። መምህርቷ ያለችው ማኒላ፣ ፊሊፒንስ ነው። ላሊበላ ላይ ጎህ ሲቀድ እዚያ ረፋድ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በየተራ እንዲሆን ተቆረጠ። መምህርቷም ብትሆን በቤቷ የምታወራው ታጋሎግ ነው፤ እንግሊዝኛን ያወቀችው ተምራ ነው።

ታላቅየው ጠንቃቃ ነው። መምህርቷ ልትጠይቀው የምትችለውን ሁሉ ማታውኑ በደብተሩ ያዘጋጃል፤ ጠዋት ደብተሩን ከስልኩ ጀርባ አስደግፎ ያነባል። ያላዘጋጀው ጥያቄ ከመጣበት “የስ፣ የስ” ይላል። ከባሰም ካሜራውን ያጠፋና በኔትወርክ ያመካኛል። መምህርቷ “ቬሪ ጉድ” ትለዋለች።

ታናሽየው የመጣለትን ይናገራል። ቤተ ክርስቲያኑን “ሂ” ሲለው “ኢት” በል ትለዋለች። ድንጋይ ለማለት “እስቶን” ሲል ታስቆመዋለች፤ “እ”ን ትቶ፣ ጥርሱን ገጥሞ፣ ከ“ስ” እንዲነሣ ታደርገዋለች። ስስስ ሲል የተኛው ሁሉ ይነቃል። ያልገባውን “ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ” ይላታል። ትምህርቱ ሲያበቃ ቻቱ በእርማት ተሞልቶ ይገኛል፤ እሱን እየደገመ ይውላል።

ታላቅየው አፈረበት። “ሰው ፊት እንዲህ ትንተባተባለህ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማህም?”

“ካለመናገርስ ደጃዝማችነት ይቀር የለም እንዴ፣ ጋሼ?” አለ ታናሹ።

ከወራት በኋላ አንድ ነባር አስጎብኚ ሁለቱን አስከትሎ እንግዶች ይዞ ወጣ። ታላቅየው ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ያጠናውን አንበለበለው፤ አንድ ቃል አልሳተም። ከእንግዶቹ አንዷ “ይህን ሁሉ ድንጋይ በእጅ እንዴት ጨረሱት?” ስትል ጠየቀችው። ይህ ጥያቄ ደብተሩ ላይ የለም። “የስ፣ የስ” አለና ያንኑ ንግግር ከመጀመሪያው ጀመረላት። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ታናሽየው ጥያቄውን አስደግሞ ሰማ። ከዚያም በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቀን ሰው ሲፈለፍል ውሎ ሌሊት መላእክት ያግዙት ነበር የሚለውን የአባቶች ትረካ ነገራት። ሌላ ጠየቀች፤ ሌላ መለሰላት። እስከ መውጫው እየተጨዋወቱ ሄዱ።

ማታ ታላቅየው አንገቱን ደፍቶ ቤት ሲገባ፣ አያቱ የአንድ ትንሽ ልጅ ቁርጭምጭሚት እያሹ ነበር። ልጁ እናቱ እንዳትቆጣው ፈርቶ “አላመመኝም” እያለ ጥርሱን ይነክሳል።

“ልጄ፣ ዝም ካልከኝ እጄ ዕውር ነው” አሉት ሽማግሌው። “ጩህ! የወለቀውን የሚነግረኝ ጩኸትህ ነው። ያላሳየኸኝን ወለምታ ቀኑን ሙሉ ባሸው እያነከስክ ነው የምትሄደው።”

ታላቅየው ቃሉ ለእሱም መሆኑ ገባው። በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ሳይከፍት ስልኩ ፊት ተቀመጠ። ዓረፍተ ነገሩ ተሰባበረበት፤ ፊቱን ላብ አጠመቀው፤ ካሜራውን ግን አላጠፋም። መምህርቷ አዳምጣ ስትጨርስ እንዲህ አለችው፦ “ለካ እስከ ዛሬ ሳስተምር የኖርኩት ደብተርህን ነው። የእኔም ጥፋት አለበት፤ ሳትሰናከል ስታነብልኝ ደስ እያለኝ አልፌሃለሁ።” የዚያን ዕለት የእሱም ቻት በእርማት ተሞላ።

ይህ ምሳሌ በየቤቱ ስልክ አስደግፈው ቋንቋ ለሚማሩ ሁሉ ነው። ሰዋስው በመጽሐፍ ሞልቷል፤ ለግል አስተማሪ የምንከፍለው ስህተታችንን ለብቻ ለሚሰማ ጆሮ ነው። ይሉኝታ በሽማግሌ ፊት ጨዋነት ነው፤ በአስተማሪ ፊት ግን ድንቁርናን ያቆያል። እህት በሰው አገር ደክማ የላከችውን ገንዘብ ጉድለት ለመሸሸጊያ ማዋልም የእሷን ላብ በከንቱ ማፍሰስ ነው። አስተማሪም ምስጋናን አያርክስ፤ ተማሪው አንብቦ ሳይሆን አስቦ መናገሩን ሳያረጋግጥ “ጎበዝ” አይበል። ተማሪ ሆይ፣ የማታውቀውን ለማወቅ ነው የተቀመጥከው፤ እንግዲያው ሳትፈራ ተሳሳት፣ ስትታረም ተቀበል፣ የታረምከውን ይዘህ ነገም ተናገር።